ከድንጋይ እስከ ጣራ፦ የፀሐይ ኃይል ቴክኖሎጂ አምራቾች መነሣትና መውደቅ

የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ የሰው ልጅ እስካሁን በሰፊው የተጠቀመባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ብርሃኑን ያለ እሳትና ያለ ተሽከርካሪ ዕቃ በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የፎቶቮልታይክ ዘዴ ሲሆን፣ ይህም በየጣራው ላይ የሚታየውና ሕዝቡ በተለምዶ «ሶላር» ብሎ የሚጠራው ፓነል ነው። ሁለተኛው ብርሃኑን በመስተዋት ሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ በማሳረፍ ብርቱ ሙቀት የሚፈጥርና በዚያ ሙቀት ውኃ አፍልቶ በእንፋሎቱ ተርባይን የሚያዞር፣ ከሙቀቱ ምንጭ በቀር ከድንጋይ ከሰል ማመንጫ ብዙም የማይለይ ዘዴ ነው። ሁለቱ ዘዴዎች በአንድ ዘመን ለገበያ ቢቀርቡም ዕድላቸው እጅግ የተራራቀ ሆኗል። እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ በዓለም ላይ የተተከለው የፓነል አቅም ከ2,000 ጊጋዋት ሲያልፍ፣ በመስተዋት የሚሠራው ግን በ7 ጊጋዋት አካባቢ ቆሟል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ጊጋዋት አንድ ቢሊዮን ዋት ነው፤ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተርባይኖች ሁሉ በሙሉ ኃይላቸው ሲሠሩ የሚሰጡት ከ5 ጊጋዋት ጥቂት የሚበልጥ መሆኑን ለሚያስብ አንባቢ የቁጥሮቹ ግዝፈት ግልጽ ይሆንለታል።

ይህን ያህል ልዩነት ያመጣው የብርሃንና የሙቀት ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ይልቅ ዋናው ምክንያት ሁለቱን ቴክኖሎጂዎች የሚያመርቱት ኩባንያዎች የሚሠሩት ሥራ በዓይነቱ የተለያየ መሆኑ ነው። ፓነል ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ የሚያልቅ ዕቃ ሲሆን የመስተዋት ማመንጫ ግን በየቦታው እንደ ግድብ ወይም እንደ ድልድይ እንደ አዲስ የሚገነባ ነው። የፋብሪካ ዕቃ በብዛት በተመረተ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፣ ዋጋው በወረደ ቁጥር ደግሞ ትርፍ ይጠብባል፤ ስለዚህም ፓነሉን ለድሀው ሁሉ እንዲደርስ አድርገው ያረከሱት አብዛኞቹ ቀዳሚ ኩባንያዎች ራሳቸው ባመጡት ርካሽነት ወድቀዋል።

ፓነሉ የሚነሣው ኳርትዝ ከተባለ ነጭ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ከከሰል ጋር በኤሌክትሪክ እቶን ሲጋል ኦክስጅኑ ተለይቶ ሲሊከን ይወጣል፤ ይህ ሲሊከን ግን ለዚህ ሥራ የሚበቃ ንጽሕና የለውም። ስለዚህ ወደ ጋዝ ከተለወጠ በኋላ በጋለ ዘንግ ላይ ቀስ በቀስ እንዲጠራቀም ተደርጎ ፖሊሲሊከን የሚባለው እጅግ የጠራ ጥሬ ዕቃ ይገኛል፤ ይህ ደረጃ ኤሌክትሪክን በገፍ የሚበላ በመሆኑ ፋብሪካዎቹ መብራት ርካሽ ወደ ሆነበት ስፍራ ሁሉ ሲሰደዱ ኖረዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ለዓይን የሚማርክ ነው። ፖሊሲሊከኑ በኳርትዝ ጋን ውስጥ ከ1,400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ከዚያም «ዘር» የሚባል ጣት የምታክል ክሪስታል ከላይ ወርዳ የቀለጠውን ፊት ትነካና እየተሽከረከረች ቀስ ብላ ወደ ላይ ትሳባለች። ከቀለጠ ሰም ውስጥ እየተሳበ እንደሚወጣ ጧፍ፣ ፈሳሹም የዘሯን ሥርዓት ይዞ እየረጋ ይከተላትና ከብዙ ሰዓታት በኋላ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ምሶሶ ይሆናል። ይህ ዘዴ የፖላንዱ ሳይንቲስት ያን ቾክራልስኪ በ1916 ያገኘው ነው። ምሶሶው የአልማዝ ብናኝ በተለበጠ ቀጭን ሽቦ ተከርክሮ ዌፈር ወደሚባሉ፣ ውፍረታቸው ከ0.15 ሚሊ ሜትር ወደማይርቅ ስስ ቅጠሎች ይለወጣል፤ አንዱን ዌፈር በሁለት ጣት ያለ ጥንቃቄ የጨበጠ ሰው ይሰብረዋል።

ዌፈሩ ሴል የሚሆነው በአንድ ፊቱ የቦሮን፣ በሌላው ፊቱ የፎስፎረስ ቅመም ሲገባበትና በሁለቱ ንብርብሮች መካከል ኤሌክትሮኖችን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚገፋ መስክ ሲፈጠር ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት የሚነቃነቁት ኤሌክትሮኖች በገጹ ላይ በታተሙት የብር መስመሮች ይሰበሰባሉ። በመጨረሻ ሴሎቹ ተያይዘው በመስተዋትና በፕላስቲክ መካከል ይታሸጉና የአሉሚኒየም ፍሬም ሲገባላቸው ፓነል ይሆናሉ። እነዚህ አምስት ደረጃዎች፣ ማለትም ፖሊሲሊከን፣ ምሶሶ፣ ዌፈር፣ ሴልና ፓነል፣ በአንድ ኩባንያ እጅ ሊሆኑ ወይም በአምስት ሊከፋፈሉ ይችላሉ፤ «የፀሐይ ኃይል ኩባንያ» ሲባል የትኛውን ደረጃ እንደሚይዝ ሳይታወቅ ስለ አቅሙ መናገር የሚያሳስተውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለሥራ የሚበቃ የመጀመሪያው የሲሊከን ሴል በ1954 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በዳሪል ቻፒን፣ በካልቪን ፉለርና በጄራልድ ፒርሰን ሲሠራ ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር፤ ዋጋውም ከሳተላይት በቀር ማንም የሚደፍረው አልነበረም። የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ሶላሬክስን የመሳሰሉ ምድራዊ ገበያ የሚሹ ኩባንያዎችን አበረታታ፤ ይሁን እንጂ ትዕግሥቱን ያሳዩት ጃፓኖች ነበሩ። ሻርፕ በ1963 ሴልን በብዛት ማምረት ጀምሮ ለባሕር ዳርቻ የመብራት ማማዎች ያቀርብ ነበር፤ ከኪዮሴራና ከሳንዮ ጋር ሆኖም ትርፍ ሳይታይበት ለዐሥርተ ዓመታት ሙያውን አቆየው፤ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ድረስም የዓለም ቀዳሚ አምራች ነበር።

ገበያውን የከፈተችው ጀርመን ናት። በ2000 የወጣው የታዳሽ ኃይል ሕግ ፓነል በጣራው ላይ የተከለ ማንኛውም ሰው የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ ለ20 ዓመት በተወሰነና በሚያዋጣ ዋጋ የመሸጥ መብት ስለሰጠው፣ ገበሬው ጎተራውን፣ ቄሱ ቤተ ክርስቲያኑን በፓነል ይከድን ጀመር። በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን፣ የኬሚካል ፋብሪካዎቹ ተዘግተው ሥራ አጥነት በበረታበት በቢተርፌልድ አካባቢ የተቋቋመው ኪው-ሴልስ፣ በ1999 ተመሥርቶ በ2007 ሻርፕን ቀድሞ የዓለም ትልቁ የሴል አምራች ለመሆን በቃ። በ2012 ሚያዝያ ግን ዕዳውን መክፈል አቅቶት ወደ ኪሳራ ሕግ ገባ፤ በዚያው ዓመት የደቡብ ኮሪያው ሀንዋ ገዛውና ስሙ ዛሬ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት በተተከሉ ፋብሪካዎች ላይ ይገኛል። በስምንት ዓመት ከፍ ብሎ በአምስት ዓመት የወደቀው ይህ ኩባንያ የሠራው ጥፋት አልነበረም፤ ጀርመኖች ማሽኑን ሠርተው ለራሳቸው ፋብሪካ እንደተከሉት ሁሉ ያንኑ ማሽን ለቻይናም ይሸጡ ነበርና ጥበቡ ከማሽኑ ጋር አብሮ ተጓዘ።

ወደ ቻይና ከተሻገሩት ሰዎች ታሪኩ ጎልቶ የሚነገርለት ሺ ዠንግሮንግ ነው። በአውስትራሊያ በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ማርቲን ግሪን ሥር ተምሮ በ2001 ሳንቴክን በዉሺ ከተማ መሠረተ፤ በ2005 መጨረሻ ኩባንያው በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲቀርብ ሺ ከቻይና ባለጸጎች ግንባር ቀደም አንዱ ሆነ። ሳንቴክ በ2013 መጋቢት ያበደሩትን መክፈል ተስኖት ወደቀ። የማርቲን ግሪን ቤተ ሙከራ ለዚህ ኢንዱስትሪ ያበረከተው ብዙ ነው፤ ከዚያ የወጡ ተማሪዎች በቻይና ፋብሪካዎች መሪ መሐንዲሶች ሆነዋል፤ በ1980ዎቹ እዚያ የተፈለሰፈውና «ፐርክ» የተባለው የሴል አሠራርም፣ በሴሉ ጀርባ ላይ ብርሃን የሚመልስ ንብርብር በመጨመር የሚያተርፈው፣ ከ30 ዓመት በኋላ የዓለምን ገበያ ገዝቶት ነበር።

ከሳንቴክ ውድቀት በኋላ የተነሡት ኩባንያዎች ጎዳና ይበልጥ ትምህርት ይሰጣል። ቶንግዌይ በሲቹዋን ግዛት የዓሣ መኖ እያመረተ ያደገ ኩባንያ ነበር፤ ዛሬም በዓለም ከትልልቆቹ የዓሣ መኖ አምራቾች አንዱ ሆኖ ሳለ በፖሊሲሊከንና በሴል ምርት የዓለም ቀዳሚ ሆኗል፤ በዓሣ ኩሬዎች ላይ ፓነል ዘርግቶ ከላይ ኤሌክትሪክ፣ ከታች ዓሣ ያመርታል። ዋና መሥሪያ ቤቱ በዢያን የሚገኘው ሎንጂ ደግሞ በላንዡ ዩኒቨርሲቲ አብረው በተማሩ ጓደኞች የተመሠረተ ሲሆን፣ ሌሎች ሲሊከኑን በቅርጽ ውስጥ አፍስሰው በርካሽ በሚያረጉበት ዘመን እርሱ ግን ቀደም ሲል በተገለጸው በሚሳበው ምሶሶ ላይ ጸና። በቅርጽ የሚረጋው ሲሊከን ከብዙ ትናንሽ ክሪስታሎች ስለሚገጣጠም ሰማያዊና እንደ በረዶ ስባሪ የተዥጎረጎረ ገጽ ሲኖረው፣ በምሶሶ የተሳበው ወጥ ጥቁር ነው፤ ብርሃንንም የበለጠ ይለውጣል። ሎንጂ የአልማዙን ሽቦ ቀድሞ በመጠቀም የዌፈሩን ዋጋ ሲያወርደው የተዥጎረጎረው ሰማያዊ ፓነል ከገበያ ወጣ፤ በኢትዮጵያ ገጠር አሮጌ ጣራዎች ላይ ሰማያዊው፣ በአዲሶቹ ላይ ጥቁሩ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። ከእነዚህ ጋር ጂንኮ ሶላር፣ ትሪና ሶላርና ጄኤ ሶላር ሲቆጠሩ፣ ዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ በ2022 እንዳስታወቀው በእያንዳንዱ የምርት ደረጃ የቻይና ድርሻ ከ80 በመቶ በላይ ሆኗል፤ በዌፈር ደግሞ የቀረው ዓለም ድርሻ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

በዚህ መካከል የዋጋው አወራረድ በሌላ ዕቃ ላይ ብዙም ያልታየ ነው። ሪቻርድ ስዋንሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እንዳስተዋለው፣ እስከ ዛሬ የተሸጠው የፓነል መጠን እጥፍ በሆነ ቁጥር ዋጋው 20 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ይህ ልማድም «የስዋንሰን ሕግ» ተብሎ ይጠራል። በ1970ዎቹ አጋማሽ የአንድ ዋት ዋጋ በአሥር ዶላሮች ይቆጠር ነበር፤ በ2024 ግን በቻይና ፋብሪካ በር ላይ ወደ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ወርዷል። ሕጉን በስሙ ያስጠራው ስዋንሰን የመሠረተው ሰንፓወርም በ2024 ነሐሴ በአሜሪካ የኪሳራ ሕግ ከለላ ጠይቋል። የስዊዘርላንዱ ማየር በርገር፣ ለቻይና ፋብሪካዎች ማሽን ሲሸጥ ኖሮ በመጨረሻ ራሱ ፓነል ወደ ማምረት የተሻገረው፣ የጀርመን ፋብሪካዎቹ በ2025 ለኪሳራ ተዳርገዋል። ቻይናውያኑም አላመለጡም፤ የማምረት አቅማቸው ዓለም በዓመት ከሚተክለው እጅግ ስለበለጠ በ2024 አብዛኞቹ ትልልቆች በቢሊዮን የሚቆጠር ዩዋን ከስረዋል፣ ሠራተኞቻቸውንም በብዛት ቀንሰዋል። ፓነል በርካሽ የሚገዛው ሰው በሚደሰትበት ዋጋ ውስጥ የእነዚህ ሠራተኞች እንጀራ መጥፋትም እንዳለበት መዘንጋት አይገባም። ከዚህም የከበደ ጉዳይ አለ፦ የፖሊሲሊከን ከፍተኛ ድርሻ በድንጋይ ከሰል ኤሌክትሪክ ከሚሠራባት ከዢንጂያንግ ይወጣ ስለነበር፣ በዚያ የኡይጉር ሕዝብ በግዴታ ይሠራል የሚል ክስ ተነሥቶ አሜሪካ ከ2022 ሰኔ ጀምሮ ከዚያ የሚመጣ ዕቃ እንዳይገባ በሕግ ከልክላለች፤ የቻይና መንግሥት ክሱን አይቀበልም።

ከሲሊከን ውጭ ሆኖ እስከ ዛሬ የቆመው ብቸኛ ትልቅ አምራች የአሜሪካው ፈርስት ሶላር ነው። ይህ ኩባንያ በኦሃዮ ግዛት በመስተዋት ሥራ በታወቀችው በቶሊዶ አካባቢ፣ ሃሮልድ ማክማስተር የተባለ የመስተዋት ባለሙያ ከጀመረው ሥራ የተገኘ ሲሆን፣ ምሶሶም ዌፈርም አያስፈልገውም፤ በመስተዋት ላይ ካድሚየም ቴሉራይድ የተባለውን ውሕድ በጥቂት ሺኛ ሚሊ ሜትር ውፍረት ለብጦ፣ በአንድ በኩል ባዶ መስተዋት የገባበት መስመር በሌላ በኩል ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ ያለቀ ፓነል ያወጣል። በ2011 የከሰረው ሶሊንድራ ግን 535 ሚሊዮን ዶላር የመንግሥት ዋስትና ያለው ብድር ይዞ በሌላ ስስ ንብርብር ተመሳሳይ ነገር ሊሠራ ሞክሮ አልተሳካለትም፤ የሁለቱ ልዩነት ፈርስት ሶላር የተራውን መስተዋት ቅርጽ ሳይለቅ፣ ሶሊንድራ ግን ለመሥራት የሚያስቸግር የቱቦ ቅርጽ መምረጡ ነበር።

የመስተዋቱ ዘዴ ታሪክ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ የሚጀምረውም በዓባይ ዳር ነው። ፍራንክ ሹማን የተባለ የፊላዴልፊያ ፈልሳፊ በ1913 ከካይሮ አጠገብ በማዓዲ፣ ውስጣቸው ጎድጓዳ የሆኑ ረጃጅም መስተዋቶችን በረድፍ ተክሎ በሚያፈላው ውኃ እንፋሎት የዓባይን ውኃ እየሳበ የጥጥ እርሻ አጠጣ። በማግሥቱ ዓመት የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳና ሥራው ቆመ፤ ከጦርነቱ በኋላም ርካሽ ነዳጅ ስለመጣ ማንም አልተመለሰበትም። እነዚያኑ ገንዳ መሰል መስተዋቶች ከ70 ዓመት በኋላ በካሊፎርኒያ ሞሃቬ በረሃ እንደገና ያቆመው ሉዝ የተባለው የእስራኤልና የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ከ1984 እስከ 1990 ድረስ ዘጠኝ ማመንጫዎችን በድምሩ 354 ሜጋዋት ሠርቶ በ1991 ከሰረ፣ ማመንጫዎቹ ግን ሠሪያቸው ከጠፋ በኋላ ለዐሥርተ ዓመታት ኤሌክትሪክ ሰጥተዋል። ቅርሱን የወረሰውን ሶሌልን የጀርመኑ ሲመንስ በ2009 በ418 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሥራው ወጣ።

የዚህ ዘዴ ልብ የሆነው ዕቃ በመስተዋቱ ትኩረት ላይ የሚዘረጋው ተቀባይ ቱቦ ነው። ርዝመቱ አራት ሜትር የሚሆን የብረት ቱቦ፣ ብርሃንን የሚመጥና ሙቀትን ግን የማያስወጣ ለብጥ ተቀብቶ፣ በመስተዋት ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ሙቀት እንዳያመልጥ በሁለቱ መካከል ያለው አየር ይወጣል። ብረቱ ሲግል ከመስተዋቱ ይልቅ ስለሚረዝም በጫፉ እንደ አኮርዲዮን ሸንሸን ያለ ብረት ተበይዶ ልዩነቱን ይሸከማል። ይህን ብየዳ ለ20 ዓመት ሳይፈስ እንዲቆይ አድርጎ መሥራት የሚችሉ ኩባንያዎች በዓለም ላይ ጥቂት ነበሩ፤ ከእነርሱም የጀርመኑ ሾትና የስፔኑ ሪዮግላስ ስማቸው ይጠራል። ደንበኛ ያልበዛለት እንዲህ ያለ ጥበብ በጥቂት እጆች ብቻ ስለሚኖር፣ አንዱ ኩባንያ ሲዘጋ ጥበቡም አብሮ የመጥፋት አደጋ አለበት።

የስፔኑ አቤንጎአ በሴቪል አጠገብ በ2007 ፒኤስ10 የተባለውን የመጀመሪያውን ንግዳዊ የማማ ማመንጫ አቆመ፤ በዚህ ዓይነቱ ማመንጫ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጠፍጣፋ መስተዋቶች ፀሐይን እየተከተሉ ብርሃናቸውን በአንድ ረጅም ማማ ጫፍ ላይ ያሳርፋሉ። በ2011 በዚያው አገር የተከፈተው ጌማሶላር ደግሞ ሙቀቱን በቀለጠ ጨው ውስጥ በማጠራቀም ሌሊት ኤሌክትሪክ መስጠት እንደሚቻል አሳየ፤ የሶዲየምና የፖታሲየም ናይትሬት ድብልቅ የሆነው ይህ ጨው በማማው ጫፍ እስከ 565 ዲግሪ ይግልና በትልቅ ጋን ተቀምጦ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለ15 ሰዓት እንፋሎት ያፈላል። ፓነል ብቻውን ይህን ማድረግ አይችልም፤ ብዙ መሐንዲሶች በመስተዋቱ ተስፋ ያልቆረጡትም ለዚህ ነው። ነገር ግን በኔቫዳ በረሃ በ2015 ሥራ የጀመረው ክሬሰንት ዱንስ በዓመቱ የጨው ጋኑ አፍስሶ ለብዙ ወራት ቆመ፤ አንድ የተበላሸ ፓነል ሲነሣ ሌሎቹ መሥራታቸውን ሲቀጥሉ፣ እዚህ ግን አንድ ጋን ሲያፈስ ማመንጫው በሙሉ ይቆማል። አቤንጎአም በአሜሪካ፣ በደቡብ አፍሪካና በስፔን የገነባቸው ማመንጫዎች ሳይከሰሩ ራሱ በዕዳ ተጠልፎ በ2021 የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ።

ሥራው ዛሬ የተሻገረው ወደ ሁለት ወገኖች ነው፦ በሞሮኮ ኑር ዋርዛዛትና በዱባይ የፀሐይ መንደር ገንዘብና አስተዳደር ወደያዘው የሳዑዲው አክዋ ፓወር፣ እንዲሁም በጎቢ በረሃ ዳር ማማዎችን በተከታታይ ወደሚያቆሙት ቻይናውያን። በ2023 መጨረሻ የተመረቀው የዱባዩ ማመንጫ ማማ ከ260 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን ግንባታውን የመራው ሻንጋይ ኤሌክትሪክ ነው። የባትሪ ዋጋ በፓነሉ መንገድ እየወረደ በመሄዱ ግን የጨው ጋኑ ብልጫ በየዓመቱ ይጠብባል፤ ምናልባት ብልጫው የሚቀረው ኤሌክትሪክ ሳይሆን ራሱን ሙቀቱን ለሚፈልጉ ፋብሪካዎች ሊሆን ይችላል።

ኢትዮጵያ በዚህ የአምራቾች ዝርዝር ውስጥ የገባችው በቅርቡ ነው፤ የገባችበትም በር ንግድና ቀረጥ ነው። በ2016 ለልብስ ስፌት የተገነባው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ኢትዮጵያ ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ከአሜሪካ የአጎዋ ቀረጥ ነጻ ዕድል ስትወጣ ደንበኞቹ ተመናምነውበት ነበር። በሌላ በኩል አሜሪካ ከቬትናም፣ ከማሌዥያ፣ ከታይላንድና ከካምቦዲያ በሚገቡ ሴሎች ላይ የጫነችው ከባድ ቀረጥ አምራቾችን አዲስ አገር ፍለጋ አስወጣቸው። በቬትናም ሴል ያመርት የነበረው፣ መቀመጫውን ጃፓን ያደረገው ቶዮ ሶላር በ2024 በሐዋሳ 2 ጊጋዋት የሴል ፋብሪካ እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በ2025 ማምረት ጀምሮ አቅሙን ወደ 4 ጊጋዋት ለማሳደግ ሥራ ቀጠለ። ቀድሞ ሸሚዝ ይሰፋበት በነበረ ግቢ አሁን በዌፈር ገጽ ላይ የብር መስመር ይታተማል።

ከአምስቱ ደረጃዎች ሐዋሳ የያዘችው አንዱን፣ አራተኛውን ብቻ ነው። ዌፈሩ ከውጭ ይገባል፣ ሴሉም ተመልሶ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የኢትዮጵያ ገበሬ ከገበያ የሚገዛው ፓነል ግን በአብዛኛው እንደ ቀድሞው ከቻይና ተገጣጥሞ የሚመጣ ነው። ቀረጥ ያመጣውን ፋብሪካ ሌላ ቀረጥ ሊወስደው ይችላል፤ ትልቅ ፋብሪካም ሊወድቅ እንደሚችል ቢተርፌልድና ዉሺ ይመሰክራሉ፤ የሚቀረው ሙያው ነው። ሴልን ወደ ፓነል የሚለውጠው የመጨረሻው ደረጃ ደግሞ ከአምስቱ ሁሉ ትንሹን ካፒታልና ትንሹን ኤሌክትሪክ የሚጠይቅ፣ መስተዋት፣ ፕላስቲክ፣ አሉሚኒየምና የሠለጠነ እጅ የሚበቃው በመሆኑ፣ የሐዋሳው ሴል ሻሸመኔ ወይም አዳማ ላይ ተገጣጥሞ ለአገር ውስጥ ጣራ የማይደርስበት ቴክኒካዊ ምክንያት የለም።